ታሪኩ ከእንጀራው ሥር ነበር

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ክፍል ልጄ ስለ ፋሲካ ጻፍ ቢባል «ፋሲካ መጣ። ዶሮ በላን። ጥሩ ነበር።» ብሎ ደብተሩን ዘጋ። «አብራራው» ብለው አንድ ቃል አልጨመረም።

መልስ፦ አይፈረድበትም፤ ምኑን ያብራራ? አጠገቡ ቁጭ ብለው ይጠይቁት እንጂ። ሽንኩርቱን ማን ከተፈ? ዓይኑን አላቃጠለውም? እንቁላሉስ ለማን ደረሰ? የእህቴን ልጅ እንዲህ ስጠይቃት፣ «ለእኔ ክንፍ ደረሰኝ፤ እንቁላሌን ወንድሜ ከእንጀራው ሥር ደበቀብኝ» አለች። ታሪኩ እዚያ ተሸሽጎ ኖሯል! በዓሉን ከጾም መፍቻው እስከ ማታ እንዲተርክ አያስገድዱት። የእንቁላሉን ጠብ ብቻ ይጻፍ። «ጥሩ ነበር» የሚለውን ያኔ ራሱ ይሰርዘዋል።

ጥያቄ፦ ልጄ ስታወራ አትጠገብም፤ እርሳስ ስትይዝ ግን ሦስተኛው ቃል ላይ ትቆማለች።

መልስ፦ ከ231 ሆሄያት መካከል ተፈላጊውን ስታስስ ወሬው ያመልጣታል። እርሷ ትናገር፣ እርስዎ ይጻፉ፤ እንዳለችው እንጂ አሳምረው አይደለም። ከዚያ የወደደችውን አንድ ዓረፍተ ነገር ራሷ ትገልብጥ። የሀሌታው «ሀ» እና የሐመሩ «ሐ» ክርክር ለሌላ ቀን ይቆይ።

ጥያቄ፦ መምህር ነኝ፤ በክፍሌ ከስልሳ በላይ ልጆች አሉ። እያንዳንዱን እንዴት ልጠይቅ?

መልስ፦ እንቆቅልሽ ያጫውቷቸው። እንቆቅልሽ ማለት የነገሩን ስም ደብቆ ነገሩን ማሳየት አይደል? አንድ ሎሚ ይዘው ይግቡ፤ ይዳስሱት፣ ያሽትቱት። ከዚያ «ሎሚ» እና «ቢጫ» የሚሉትን ቃላት ከልክለው አንድ ዓረፍተ ነገር ያጽፏቸው። (እኔ ብሆን «ቆንጆ»ንም እከለክል ነበር፤ ስንት ድርሰት አበላሽታለች!) አንዱ ለጎረቤቱ «እንቆቅልሽ» ይበል፤ ያላወቀ አገር ይስጥ።

ጥያቄ፦ የምንኖረው ዋሽንግተን አካባቢ ነው። ልጄ አማርኛ ትናገራለች፤ ስትጽፍ ግን ገላጭ ቃል ያጥራታል። ቅጽሎች ላስጠናት?

መልስ፦ ቅጽሉ ይቅርና የድምፅ ቃላትን ያስተምሯት። በሩ ሲጢጥ አለ፤ ብርጭቆው ከሽ አለ፤ ቤቱ ጭር አለ። አማርኛ በዚህ ሀብታም ነው፤ ልጆችም ይወዱታል። በሩን እየከፈቱና እየዘጉ ድምፁን አብረው ያዳምጡ፤ ቃሉን ትምረጥ። የጻፈችውን ለአያቷ በስልክ ታንብብላቸው። «ሲጢጥ ያለው የትኛው በር ነው?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም፤ ያንን መልስ ደግሞ ከታች ትጨምርበት።