ፀጉርሽን ያረገፈው ሻምፖው አይመስለኝም

ሰላም እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ። ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ልጅሽን በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ካስነሳሽ ወዲህ ፀጉርሽ በማበጠሪያ ሙሉ እየወጣ ነው፤ ጎረቤትሽ ሁለት ዓመት የታጠብሽበትን ሻምፖ ገልብጣ ጀርባውን አነበበችና «ሰልፌት፣ ሲሊኮን፣ ፓራቤን፣ አልኮል፤ ምን ያልከተቱበት አለ?» አለችሽ፤ አሁን ሁሉንም ጥለሽ ወደ ለጋ ቅቤና ወደ ሩዝ ውሃ ልትመለሺ ነው፣ ካልሆነም ፀጉር ቀጥ የሚያደርገውን ኬራቲን ልትሠሪ። የቀደሙኝ እህቶች «ኬሚካል ይቅርብሽ» ብለው ጨርሰውታል። እኔ 14 ዓመት የሰው ራስ ሳጥብ የኖርኩ ነኝ፤ 12ቱን ፒያሳ፣ ሠፈሩ ከፈረሰ ወዲህ ደግሞ አራት ኪሎ። ትንሽ ባስረዝምብሽ ታገሺኝ።

መጀመሪያ ሻምፖውን ተይውና ወሩን ቁጠሪ። ነፍሰ ጡር ሳለሽ ሆርሞኑ በጊዜው መውደቅ የነበረበትን ፀጉር ይዞ ያቆየዋል። እርጉዝ ደንበኞቼ ፀጉራቸው የሚያስቀናው ለዚህ ነው። ከወለድሽ በኋላ ያ ሳይወድቅ የቆየው ሁሉ ባንድ ላይ ሥራ ያቆምና ከሁለት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ መውረድ ይጀምራል። አንቺ አሁን እዚያው መሃል ነሽ። የማናችንም ፀጉር በቀን ከ50 እስከ 100 ይወርዳል፤ የወላድ ከዚያ ያልፋል፤ አብዛኛዋ ሴት ግን ልጇ ዓመት እስኪሞላው ፀጉሯ ይመለስላታል። ደግሞ ያው ሻምፖ፣ ያው ሰልፌት፣ በእርግዝናሽ ወራት ምነው ሳያረግፈው ቀረ?

የወደቀውን ፀጉር ነጭ ያልሆነ ጨርቅ ላይ ዘርግተሽ ጫፉን እዪው። አንደኛው ጫፍ ላይ ነጭ ነጥብ የመሰለች ነገር ካለች፣ ጊዜውን ጨርሶ ከነሥሩ የወጣ ፀጉር ነው። ሁለቱም ጫፍ ባዶ ከሆነና ቁመቱም ካጠረ ተሰብሯል ማለት ነው፤ ያኔ ማበጠሪያሽን፣ ፔስትራሽን፣ የሹሩባሽን ጥብቀት እንመረምራለን። ሰው ሁለቱንም «ረገፈ» ስለሚል ነው ጥፋቱ ሁሉ ጠርሙሱ ላይ የሚወድቀው።

ወደ ሰልፌቱ ልምጣ። ሰልፌት አረፋ የሚያወጣውና ቅባት የሚያነሳው ነገር ነው። ዓይነትም አለው፤ ሶዲየም ላውሪል ሰልፌት የሚባለው ጠንከር ያለ ነው፣ ሶዲየም ላውሬት ሰልፌት ደግሞ ለቆዳ ለስለስ ይላል። ያንዲት ፊደል ልዩነት ስለምትመስል ሰው አንድ ያደርጋቸዋል። ቆዳሽ የሚቆጣ፣ ችፌ ያለብሽ፣ ወይም ፀጉርሽን ቀለም የተቀባሽ ከሆንሽ ጠንካራው ያደርቅሻል፤ ይህ እውነት ነው። «ካንሰር ያመጣል» የሚለው ግን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በኢሜይል ሲዞር የነበረ ወሬ ነው፤ እስከ ዛሬ ይሄው አልሞተም። ፀጉርን ከሥሩ ነቅሎ ይጥላል የሚለውም እንዲሁ። ሦስት ደቂቃ ቆይቶ በውሃ የሚሄድ ነገር ቆዳ ውስጥ ያለውን ሥር አይነቅልም።

እኔም ባንድ ወቅት ሰልፌት የሌለበት ብቻ ብዬ ነበር። ፒያሳ እያለሁ ለቤቱ በሙሉ ያንን ገዛሁ፤ ዋጋው እጥፍ ነበር። ቅዳሜ አንዲት እናት ሳምንት ሙሉ ቅቤ ተቀብተው መጡ። አራት ጊዜ አጠብኳቸው፤ ውሃው ከራሳቸው ላይ እንደ ኮባ ቅጠል እየተንከባለለ ይወርዳል እንጂ ቅቤው ንቅንቅ አላለም። በመጨረሻ ከጎረቤት ፀጉር ቤት ተራ ሻምፖ ተበድሬ ባንዴ ለቀቀ። «ልጄ፣ ይሄኛው ሳሙና ነው፣ ያኛው ምን ነበር?» ያሉኝ እስከ ዛሬ ያስቀኛል።

«ተፈጥሮ ነው፣ አይጎዳም» የሚለውን ያስተወችኝ ደግሞ እንዶድ ናት። አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ኬሚስትሪ የሚያስተምሩ ደንበኛ አሉኝ፤ ካስክ ውስጥ ተቀምጠውም ማስተማር አይተዉም። እናቶቻችን ልብስ ያጠቡባት የነበረችው እንዶድ አረፋዋ ሳፖኒን ከሚባል ነገር የሚመጣ ነው፤ ሥራውም የሻምፖው ዓይነት ነው፣ ቅባትን ከውሃ ማስታረቅ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ናቸውና ግኝቱ ዓለምን አስገረመ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በስማቸው የተሰየመ ኢንስቲትዩትም አለ። እንዶድ ዓሣም ትገድላለች። ከሜዳ የተለቀመች ናት፣ ፋብሪካ አልነካትም። እኚህ ደንበኛዬ «ከየት መጣ ሳይሆን ምን ያህል፣ የት ላይ፣ ለስንት ጊዜ ብለሽ ጠይቂ» ይሉኛል፤ እኔም ማንኛውንም ዕቃ ስገዛ የማስበው ይህንኑ ነው።

ሲሊኮን «ፀጉሩን አፍኖ እንዳይተነፍስ ያደርገዋል» ይባላል። ፀጉር አይተነፍስም፣ የኔ እናት። ከቆዳ በላይ ያለው ሕይወት የለውም፤ ቢኖረው ማታ ማታ ጠርጌ የምጥለው ሁሉ ባለቀሰ ነበር። ሥሩ ምግቡንም አየሩንም የሚያገኘው ከደም ነው። ሲሊኮን የሚሠራው ፀጉሩን ማንሸራተት ነው፤ ማበጠሪያ ሳይጎትት ያልፋል፣ የፔስትራውን ሙቀትም በመጠኑ ይመክታል። እንደ እኛ ለተጠቀለለ ፀጉር ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ በኔ ወንበር ላይ ከሁሉ በላይ ፀጉር ሲሰብር ያየሁት ደረቅ ማበጠር ነው። ዳይሜቲኮን የሚባለውን የሲሊኮን ዓይነት ውሃ ብቻውን አያነሳውም፣ ስለዚህ ሲደራረብ ፀጉሩ ይከብዳል። መፍትሔው ደግሞ ያው የተረገመው ሰልፌት ነው። ሰልፌትን ፈርታ ትታ ሲሊኮንና ቅቤ የምትደራርብ ሴት ከወር በኋላ «ፀጉሬ ሞተ» ብላ ትመጣለች።

አልኮሉን በአጭሩ ልለፈው። ሴቲል፣ ስቴሪል፣ ሴቴሪል የሚል ካየሽ የቅባት ዘር ነው፤ ኮንዲሽነሩን የሚያወፍረውና ፀጉሩን የሚያለሰልሰው እሱ ነው። የሚያደርቀው ኢታኖል ወይም አይሶፕሮፒል የሚባለው ነው፣ በስፕሬይና በጄል ውስጥ የሚገኘው።

ፓራቤን ላይ ግን ጎረቤትሽን ሙሉ በሙሉ አላሳፍራትም። ፓራቤን ዕቃው እንዳይሻግት የሚጨመር ነው። ፍርሃቱ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2004 እንግሊዝ ውስጥ በ20 የጡት ካንሰር ዕጢ ናሙናዎች ላይ ፓራቤን ተገኘ ሲባል ነው፤ ጥናቱ ግን ከጤነኛ ጡት ጋር አላነጻጸረም፣ ካንሰሩን እሱ አመጣውም አላለም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2014 አምስት ዓይነት ፓራቤኖችን ከልክሏል፤ ሜቲልፓራቤንን የመሰሉት ግን በመጠን ገደብ፣ ለብቻቸው እስከ 0.4 በመቶ፣ ይፈቀዳሉ። የሚገርመው ፋብሪካዎቹ ፓራቤን ሸሽተው የገቡበት ነው፤ ሜቲልአይሶታያዞሊኖን የሚባል ማቆያ ብዙ ሰው ስላሳከከ የአሜሪካ የቆዳ ንክኪ አለርጂ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. የ2013 «የዓመቱ አለርጂ ቀስቃሽ» ብሎ ሰይሞታል። «ፓራቤን የለውም» የሚለውን ጽሑፍ አይተሽ ተጨማሪ ገንዘብ ከመክፈልሽ በፊት በምን እንደተካው አንብቢ። ያለ ምንም ማቆያ በቤት ተቀላቅሎ የሚሸጠውን ግን እኔ አልነካውም፤ የሻገተ ክሬም ከፓራቤን ይብሳል።

አሁን ቅቤ። ቅቤ አትንኩብኝ ከሚሉት ነኝ፤ አያቴ በየሁለት ሳምንቱ አናቴ ላይ ለጋ ቅቤ አድርጋ ፀሐይ ላይ ስታስቀምጠኝ ጆሮዬ ግንድ ላይ ሲወርድ የነበረው ሽታው ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አለ። ፀጉሩን ያለሰልሳል፣ እርጥበቱን ይይዝለታል። አያሳድገውም እንጂ። ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ከምናምን ያድጋል፣ ቅቤ ቢቀባም ባይቀባም፤ ስላልተሰበረ ነው ያደገ የሚመስለው። ፎረፎር ያለባት ሴት ግን ቅቤ ቆዳዋ ላይ ባታደርግ ይሻላል። ፎረፎርን የሚያባብሰው ማላሴዝያ የሚባል ፈንገስ የሚመገበው ቅባት ነውና ድግስ ማብላት ነው። እሷ ቅቤውን ከመሃል ወደ ጫፍ ትቀባ፣ ለቆዳዋ ኬቶኮናዞል ያለበትን ሻምፖ ከፋርማሲ ትጠይቅ። የኮኮናት ዘይትም አይከፋም፤ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ጥናት ከማዕድን ዘይትና ከሱፍ ዘይት ጋር አነጻጽሮ ፀጉር ውስጥ ዘልቆ የፕሮቲን ብክነት የቀነሰው እሱ ብቻ ሆኖ አግኝቶታል። የጉሎ ዘይት እጅግ ወፍራም ስለሆነ ብቻውን በብዛት አትለቅልቂው። አንዲት ልጅ ፀጉሯን እንደ ኳስ አጣብቃ መጥታ ግማሹን በመቀስ ነው ያስለቀቅኳት። የሩዝ ውሃ ስታርች ነው፣ ለጊዜው ያደነድናል፤ ሲያሳድግ አላየሁም።

በኬራቲኑ ነገር ልቆጣሽ ነው። ሦስት ደቂቃ የሚቆየውን ሻምፖ ፈርተሽ፣ ጭሱን አንድ ሰዓት የምትተነፍሺውን ልትሠሪ ነው? ስሙ ኬራቲን ይባል እንጂ ፀጉሩን ቀጥ የሚያደርገው በብዙዎቹ ውስጥ ፎርማልዴሃይድ ነው፤ በተለምዶ ፎርማሊን የምንለው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2004 በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ ከተረጋገጡት ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። አንዳንዱ ጠርሙስ ላይ «የለበትም» ተብሎ ይጻፍና ውስጡ ሜቲሊን ግላይኮል ይሆናል፤ ፔስትራው ሲነካው ያው ጋዝ ሆኖ ይወጣል። ፒያሳ እያለን አንድ አከፋፋይ «ፎርማሊን የለበትም፣ ለልጅም ይሆናል» ብሎ ሸጠልን። ክረምት ነበር፣ በር ዘግተን ሠራን። ደንበኛዋ አለቀሰች፣ እኔ አለቀስኩ፣ አብራኝ የምትሠራው ልጅ ሳምንት ሙሉ አሳላት። የቀረውን ሦስት ጠርሙስ ደፋሁት፤ በዚያን ወቅት የግማሽ ወር ኪራይ ነበር።

አሁን በፎርማሊን ፋንታ ግላይኦክሲሊክ አሲድ የገባባቸው አሉ። እ.ኤ.አ. በ2024 የፈረንሳይ ሐኪሞች ቱኒዚያ ውስጥ ይህንኑ እየተሠራች ሦስት ጊዜ ኩላሊቷ የተጎዳ የ26 ዓመት ሴት ጉዳይ አሳትመዋል። ፀጉር የሚያለሰልሰው ሪላክሰርም ቢሆን «ኖ ላይ» (no-lye)፣ ማለትም ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ የለበትም፣ የሚለው ብዙውን ጊዜ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ አለበት፤ እሱም ቆዳ ያቃጥላል። እ.ኤ.አ. በ2022 አሜሪካ ውስጥ ከ33 ሺህ በላይ ሴቶችን የተከታተለ ጥናት፣ ፀጉር ቀጥ ማድረጊያ ኬሚካል በዓመት ከአራት ጊዜ በላይ የተጠቀሙት ላይ የማኅፀን ካንሰር ከሌሎቹ በእጥፍ ልቆ አግኝቶታል፤ 70 ዓመት እስኪሞላቸው 4.05 በመቶ፣ ጨርሶ ላልተጠቀሙት 1.64 በመቶ። ይህ ብቻውን ምክንያቱ እሱ ነው አያሰኝም፣ ግን እንደ ሻምፖ ወሬ የሚናቅም አይደለም። እኔ ሪላክሰር እሠራለሁ፣ አልዋሽሽም፤ ግን ራሷን ላከከች፣ ለቆሰለች፣ ለአራስ አልሠራም።

ስለዚህ አሁን ሻምፖሽን ይዘሽ ቀጥዪ፣ ኮንዲሽነር ጨምሪበት፣ እርጥብ እያለ በሰፊ ጥርስ ማበጠሪያ ከጫፍ ጀምረሽ አበጥሪ። ለበዓል ብለሽ ግንባርሽን የሚወጥር ቀጭን ሹሩባ አትሠሪ፤ የፊት ፀጉር ለዘለቄታው የሚሸሸው በሱ ነው እንጂ በፓራቤን አይደለም። ስትወልጂ ብዙ ደም ፈሶሽ ከነበረ፣ ወይም ድካሙ ከበረታብሽ፣ ለደም ማነስና ለታይሮይድ ተመርመሪ። ቆዳሽ ላይ ክብ ክብ ባዶ ቦታ ካየሽ ደግሞ የቆዳ ሐኪም ጋ ሂጂ፤ አለርት ሆስፒታል የቆዳ ክፍል አለ፣ ወረፋው ረጅም ስለሆነ በጠዋት ድረሺ።

እስከዚያ የወደቀውን ጨርቅ ላይ ዘርግተሽ እዪልኝና ነጭ ነጥብ አለው ወይስ የለውም፣ እዚሁ ንገሪኝ።