ከስማርት ሰዓትዎ ጋር የተገናኘው የካሎሪ መቁጠሪያ መተግበሪያ 8,000 እርምጃ ተራምደው ለዕለቱ ምግብዎ 60 ካሎሪ ብቻ የጨመረልዎ፣ ማታ ደግሞ ወደ 20 ያወረደው ለምንድን ነው?

ያ 60 በእግር ጉዞው ያቃጠሉት አይደለም፤ የሁለት ግምቶች ልዩነት ነው። መተግበሪያው ሲመዘገቡ ከመረጡት የእንቅስቃሴ ደረጃ ተነሥቶ «በቀን 2,200 ያቃጥላሉ» ብሎ አስቀድሞ አስቧል እንበል። ሰዓትዎ ደግሞ የቀኑን ጠቅላላ 2,260 አደረሰው። ትርፉ 60 ብቻ ነው፤ አብዛኛው እርምጃዎ ከመጀመሪያውም ተቆጥሮልዎታል።

ማታ ወደ 20 የወረደውም ሰዓቱ ተበላሽቶ አይደለም። ቀኑ ሳያልቅ የሚታየው ቁጥር የቀኑን ቀሪ ጊዜ ትንበያም ያካትታል፤ ከሰዓት በኋላ ሲቀመጡ ትንበያው ይወርዳል።

1. ውሎዎ ወንበር ላይ ከሆነ ዝቅተኛውን የእንቅስቃሴ ደረጃ ይምረጡ።
2. ሰዓቱ የቆጠረውን ጉዞ በእጅዎ ደግመው አይመዝግቡ፤ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል።
3. መተግበሪያው የሚፈቅድ ከሆነ ማስተካከያው (ያ የሁለቱ ግምቶች ልዩነት) ከዜሮ በታች እንዲወርድ ያድርጉ። አለበለዚያ ሲጨምር እንጂ ሲቀንስ አያዩትም።

እኔ የተጨመረልኝን ሁሉ በእንጀራ እየበላሁ ሁለት ወር ሙሉ ሚዛኑ አልነቃነቅ ብሎኝ ነበር። የሰዓቱ ቁጥር ግምት ነው፤ የእንጀራውም እንዲሁ፣ ውፍረቱ እንደ ጋጋሪው እጅ ነውና። አሁን ከተጨመረው ከግማሽ በላይ አልበላም፤ እሱንም ከእራት በፊት አልነካውም።