የበሩ ከለር ለምን ሌየሩን አይሰማም?

እህቴ፣ ለቡሬው ጂ+2 ቤት ኦቶካድ በሚባለው የሥዕል ፕሮግራም የበር ብሎክ (እንደ አንድ ነገር ደጋግመሽ የምታስገቢው ሥዕል) ሠርተሽ በበር ሌየር (የሥዕሉ ንብርብር) ላይ አስገብተሻል። የሌየሩን ከለር ብትቀያይሪም በሩ ቀይ እንደሆነ ቀርቷል። ኦቶካዱ ምንም አልሆነም። ነገሩ ያለቀው ቀደም ብሎ፣ መስመሮቹን ስትስዪ ነው።

መስመሩን በቀጥታ ቀይ ካልሽው የትም ብታስገቢው ቀይ ነው። በግድግዳ ሌየር ላይ ባይሌየር (መልኩን ከሌየሩ ይውሰድ) ብለሽ ከሳልሽው ደግሞ የግድግዳውን ከለር ይዞ ይሄዳል። ሌየር 0 ግን ከሁሉም ይለያል። እዚያ ላይ ከለሩም፣ የመስመሩ ዓይነትም፣ ውፍረቱም ባይሌየር ሆኖ የተሳለ ነገር፣ ብሎኩ የገባበትን ሌየር መልክ ይይዛል። እኔ እዚህ ደብረ ማርቆስ በሩንም መስኮቱንም የምሠራው እንዲህ ነው። ለጀማሪም ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ባይብሎክ ሌላ ነው። ሌየሩን ሳይሆን ብሎኩን ራሱን ነው የሚሰማው። ብሎኩን መርጠሽ ፕሮፐርቲስ ላይ አረንጓዴ ብትዪው አረንጓዴ ይሆናል። በሌየር 0 ባይሌየር የተሳለው ይህን አይቀበልም። እድሳት ሥራ ላይ ነባሩንና አዲሱን በር በአንድ ሌየር አስቀምጠሽ በከለር መለየት ከፈለግሽ ባይብሎክ ያዋጣል።

ይህን ቀላል ነገር አድርገሽ እንዳታዪው። በሲቲቢ (ለየከለሩ የመስመር ውፍረት በሚሰጥ የሕትመት ፋይል) ስናትም የመስመሩን ውፍረት የሚወስነው ከለሩ ነው። ቀይ ለወፍራም መስመር ከተሰጠ በሩ እንደ ግድግዳ ወፍሮ ይወጣል። ሳይት ላይ ያለው ሰው የሚያነበው ደግሞ ወረቀቱን ነው።

ሌየርን በሚሰውሩት በኦፍና በፍሪዝም ላይ ይኸው ነገር ይመጣብሻል። በግድግዳ ሌየር የተሳለ መስመር ያለበትን ብሎክ በበር ሌየር አስገብተሽ የበሩን ሌየር ኦፍ ብታደርጊ ያ መስመር አይጠፋም። ፍሪዝ ብታደርጊ ግን ብሎኩ እንዳለ ይጠፋል።

አሁን እንደገና መሳል አያስፈልግሽም። ብሎክ ኤዲተር ግቢ፣ ሁሉንም ምረጪ፣ ሌየሩን 0፣ ከለሩን ባይሌየር አድርጊና ሴቭ በዪ። በፕላኑ ላይ ያሉት በሮች ሁሉ አብረው ይስተካከላሉ። ብሎኩ ብዙ ከሆነ ሴትባይሌየር የሚለው ትዕዛዝ አለ፤ ብሎኮችንም ልጨምር ወይ ሲልሽ አዎ በዪው። ከለሩን ያስተካክላል እንጂ ወደ ሌየር 0 አያዛውርልሽም። በሩ ቁጥር የሚጻፍበት አትሪቢዩት ካለው ደግሞ መጨረሻ ላይ አትሲንክ የሚለውን ትዕዛዝ ስጪው፤ አለበለዚያ ቀድመው በገቡት በሮች ላይ ቁጥሩ በድሮው ከለር ይቀራል።