የጾም ዘይት፣ ለስላሳና የማቅጠኛ መርፌ፦ የሰሞኑ ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን ስለ ውፍረት የምትጠይቁኝ በዝታችኋል። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በከተሞቻችን ከአምስት ሴቶች አንዷ ገደማ ክብደቷ ከልክ ያለፈ መሆኑን አሳይቷል፣ በገጠር ግን ቁጥሩ በጣም ትንሽ ነው። ከተሜው ሁሉ ሆዳም ነው ብዬ አላምንም። አበላላችንና አዋዋላችን ነው የተለወጠው።

«41 ዓመቴ ነው፤ ቁመቴ 1 ሜትር ከ60፣ ክብደቴ 82 ኪሎ። ዘመድ ሁሉ "ተመችቶሻል" ይለኛል፣ ጤና ጣቢያ ግን ቀንሺ አሉኝ። ማንን ልመን?» (ከአዲስ አበባ)

ጤና ጣቢያውን እመኚ እህቴ። 82ን ለ1.60 አካፍዪ፣ የወጣውን ደግሞ እንደገና ለ1.60፤ 32 ይመጣል። ከ30 በላይ ውፍረት ይባላል፣ እንደ ሕመምም ይታያል። ወገብሽንም ለኪ፤ ሴት ከ88፣ ወንድ ከ102 ሳንቲ ሜትር ካለፈ ለስኳር፣ ለግፊትና ለልብ ሕመም ይበልጥ ይጋለጣል። ግን አትደንግጪ፤ አራት አምስት ኪሎ ብቻ ብትቀንሺ እንኳ ለውጡ ይታያል። ዘመዶችሽም ክፋት የለባቸውም፤ እጦትን ያየ ሰው ሞላ ያለ ገላ ሲያይ ደስ ይለዋል።

«ጿሚ ነኝ፤ ሥጋም ቅቤም አልነካም፣ በጾም ግን ይብስብኛል። እንዴት?» (ከባሕር ዳር፣ የልጆች እናት)

ነገሩ ያለው ድስቱ ውስጥ ነው እናቴ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው፣ ቅቤም ከዚያ አይበልጥም። ሽሮው ሲወርድ ከላይ የሚያብረቀርቀውን ያውቁታል፤ ያ ሁሉ በእንጀራ ተጠርጎ ይበላል፣ በዚያ ላይ ሳምቡሳው፣ ቦምቦሊኖው፣ ዳቦ በሻዩ ይጨመራል፣ ጾሙ ሲፈታም የዋለውን ረሃብ በአንዴ ማካካስ አለ። ጾምዎን ይጹሙ፣ ዘይቱን ግን ከጀሪካን አይገልብጡ፤ በማንኪያ ይስፈሩት። ሽንኩርቱን በውሃ አቁላልተው ዘይቱን ኋላ ጠብ ያድርጉበት። የሚረጋውን የፓልም ዘይት ደግሞ ከቻሉ ይተዉት፤ ለልብ አይበጅም። ምስር፣ ሽንብራና ጎመኑ ይብዛ።

«ሹፌር ነኝ፤ በቀን ሁለት ሦስት ለስላሳ እጠጣለሁ። ስፖርት ብጀምር ይበቃኛል?» (ከሐዋሳ)

አይበቃህም ወንድሜ፣ መጀመሪያ ለስላሳውን ተው። አንዱ ጠርሙስ ስምንት የሻይ ማንኪያ (32 ግራም) ገደማ ስኳር አለው፤ ሁለቱ ብቻ የዓለም ጤና ድርጅት የቀን ጣሪያ ካደረገው 50 ግራም ያልፋሉ። በአምቦ ውሃ ለውጠው። እርምጃውም አይቅር፣ በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ብለህ ሂድ። እዚህ ላይ ግን ከተሞቻችንን የሚመሩትም ድርሻ አለባቸው። በ2011 የተጀመረው፣ መንገድ ለመኪና ተዘግቶ ለእግረኛ የሚለቀቅበት «መንገድ ለሰው» ደስ አሰኝቶኝ ነበር፤ ሰው በየቀኑ የሚሄድበት፣ መኪና የማይቆምበት የእግረኛ መንገድም ይሠራለት።

«ማዳሜ የምትወጋውን የማቅጠኛ መርፌ ልትሰጠኝ ነው። ልውሰደው?» (ከኩዌት)

በፍጹም! መድኃኒቱ ሐኪም አይቶ የሚያዘው ነው፣ መጠኑም ከትንሽ ተጀምሮ ነው የሚጨምረው። ማስታወክ ያመጣል፣ ለነፍሰ ጡር አይሆንም፣ ሲቆም ደግሞ ብዙዎች ላይ ኪሎው ይመለሳል። አንዱን መርፌ ለሁለት መጠቀም የመርፌው ጫፍ ቢቀየር እንኳ በደም የሚተላለፍ በሽታ ሊያመጣ ይችላል። ክብደትሽ ካሳሰበሽ ክሊኒክ እንድትወስድሽ ጠይቂያት።