የጊቤ ሸለቆ ስምጥ ሸለቆ ነው? ከጅማ ተማሪዎች ጋር ስለ ፕሌቶች ጥያቄና መልስ

እዚህ ጅማ የመሬት ሳይንስ ከጀመሩ ተማሪዎች ጋር ተቀምጠን የፈለጉትን እንዲጠይቁ ጋበዝኳቸው። የጠየቁኝና የመለስኩላቸው ይኸው።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ፕሌት ማለት አህጉር ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ፕሌት ማለት የመሬት ቅርፊትና ከሥሩ የተጣበቀው ግትር የማንትል (ከቅርፊቱ በታች ያለው ወፍራም የአለት ንብርብር) ክፍል አንድ ላይ ነው፤ ሊቶስፌር የምንለው እርሱን ነው። ውፍረቱ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል። እኛ ያለንበት የኑቢያ ፕሌት በአፍሪካ ዳርቻ አያበቃም፤ እስከ አትላንቲክ ውቅያኖስ አጋማሽ ይዘልቃል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ፕሌቶቹ በቀለጠ አለት ላይ ይንሳፈፋሉ ማለት ነው?

መልስ፦ ከሁሉም በላይ እንዲታረም የምፈልገው ስህተት ይህ ነው። ማንትል ጠጣር ነው። ማስረጃው የመሬት መንቀጥቀጥ ነው፦ ኤስ ሞገድ የሚባለው በፈሳሽ ውስጥ ማለፍ አይችልም፤ በማንትል ውስጥ ግን ያልፋል። የሚቋረጠው 2,900 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ ፈሳሹ ውጫዊ የመሬት እምብርት ላይ ሲደርስ ነው።

ጠጣር ነገር እንዴት ይፈስሳል ትሉኛላችሁ። ጧፍ ውሰዱ። በጠዋቱ ብርድ ቶሎ ብታጎብጡት ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ያንኑ ጧፍ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት አጠገብ ግድግዳ አስደግፋችሁ ተዉት፤ ከሰዓት በኋላ አንገቱን ደፍቶ ታገኙታላችሁ። አልቀለጠም፣ ጠብታም የለውም፤ ግን ጎብጧል። ማንትልም እንዲሁ ነው፤ ሙቀቱ ብርቱ፣ ጊዜው ደግሞ ሚሊዮን ዓመታት ነው።

ጥያቄ፦ ፕሌቶቹን የሚያንቀሳቅሳቸውስ ምንድን ነው?

መልስ፦ ዋናው ኃይል የራሳቸው ክብደት ነው። ያረጀ የውቅያኖስ ወለል ይቀዘቅዛል፣ ይከብዳል፣ ከዚያም ወደ ማንትል ይሰምጣል። ግማሹ ከአልጋ የወረደ ጋቢ ቀሪውን እየሳበ እንደሚወርድ ሁሉ የሰመጠው ጠርዝ መላውን ፕሌት ይጎትታል። ከአህጉራት አለቶች መካከል 4 ቢሊዮን ዓመት የሞላቸው እያሉ፣ የዛሬዎቹ ውቅያኖሶች ወለል ግን ከሞላ ጎደል ከ200 ሚሊዮን ዓመት የማይበልጠው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ የምንወርደው የጊቤ ሸለቆ የስምጥ ሸለቆ አካል ነው?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ወድጄዋለሁ። ቁልቁለቱ ያሳስታል፤ ነገር ግን ያን ገደል በዋናነት የቆረጠው ወንዙ ነው። ስምጥ ሸለቆ የሚፈጠረው ምድር ሲሳብ ቀጥኖ ተሰንጥቆ መካከሉ ሲሰምጥ ነው፤ እርሱም ከእኛ በስተምሥራቅ፣ በዝዋይና በሐዋሳ በኩል ያልፋል። ጊቤን ስትሻገሩ ገደሉን አስተውሉት፦ አለቱ እንደ ተደራረበ እንጀራ በንብርብር ተቀምጧል። በየዘመኑ ፈንድቶ የተከመረ የእሳተ ገሞራ አለት ነው። የኢትዮጵያን ደጋ ከሸፈነው ባዛልት አብዛኛው የፈሰሰው ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ነው። ቡናችን የሚበቅልበት ቀይ አፈርም እንዲህ ያለው አለት ሲበሰብስ የተገኘ ነው።

ጥያቄ፦ በሬክተር ስኬል 5 እና 6 የሆኑ የመሬት መንቀጥቀጦች ያን ያህል ይለያያሉ?

መልስ፦ በጣም። የሚለቀቀው ኃይል 32 እጥፍ ያህል ይጨምራል።

ጥያቄ፦ አገራችን ለሁለት ትከፈላለች የሚባለው እውነት ነው? ጅማስ የባሕር ዳርቻ ትሆናለች?

መልስ፦ መለያየቱ እውነት ነው። የኑቢያ፣ የሶማሊያና የዓረቢያ ፕሌቶች አፋር ላይ ይገናኛሉ፤ ሦስቱም እየተራራቁ ነው። በዋናው የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ፍጥነቱ በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሆኖም ሁልጊዜ በዝግታ ብቻ አይሄድም። በመስከረም 1998 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ዳባሁ እሳተ ገሞራ አጠገብ 60 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ስንጥቅ ከምድር በታች ተከፍቶ እስከ 8 ሜትር ሰፋ፤ ቅልጥ አለትም ሞላው። የብዙ መቶ ዓመታት መሳሳብ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተለቀቀ ማለት ነው። ዳሎል አካባቢ ምድሩ አሁንም ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ስለሆነ፣ መከፈቱ ከቀጠለ ቀይ ባሕር የሚገባው በዚያ በኩል ነው። ያ ግን የሚሊዮን ዓመታት ጉዳይ ነው። ጅማ በኑቢያ ፕሌት ላይ፣ ከስምጥ ሸለቆው በስተምዕራብ ስላለች ከደጋዋ ጋር እዚሁ ትቀራለች፤ የሚርቀው የባሌና የሐረር ደጋ ነው።