ስኳሩ ሞልቶ ሳለ በሩ ለምን ይጠብባል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። ኢ. ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ ዙሪያው ግሉኮስ ሞልቶለት እያለ፣ አሚኖ አሲድ የሚሠራበት ናይትሮጅን ሲያልቅበት ስኳሩንም ማስገባት ይቀንሳል ተባልን። ስኳር ውስጥ ናይትሮጅን የለ፣ ምን አገናኛቸው? ስኳር የሚያስገባበትን ጂን አጥፍቶት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ጂኑ ቢጠፋ እንኳ ሽፋኑ ላይ የተተከሉት ፕሮቲኖች ወዲያው አይነሱም፣ ስኳሩም መግባቱን ይቀጥላል። እዚህ ግን ፍሬኑ የሚያዘው ወዲያውኑ ነው።

መጀመሪያ በሩን እንየው። ግሉኮስ ሰተት ብሎ አይገባም። እየገባ ሳለ ፎስፌት ይለጠፍበታል፤ ፎስፌቱን ኢንዛይም አንድ የሚባለው ፕሮቲን ፒኢፒ ከተባለ ሞለኪውል ይቀበልና ኤችፒአር ለሚባለው ያቀብላል፣ እሱም ለሚቀጥለው፣ ልክ እንደ ዱላ ቅብብል፣ የመጨረሻው ስኳሩ ላይ እስኪያሳርፈው ድረስ። ይህን ቅብብል እነ ሳውል ሮዝማን እ.ኤ.አ. በ1964 ነው ይፋ ያደረጉት።

አሁን ወደ ናይትሮጅኑ። ሴሉ ውስጥ አልፋ-ኬቶግሉታሬት የሚባል ባለ 5 ካርቦን ሞለኪውል አለ፣ እዚህ የሚሠራውም ከዚያው ከስኳሩ ነው። ሥራው ናይትሮጅን መጠበቅ ነው ብል ብዙም አልዋሸሁም። ናይትሮጅን ሲያገኝ ግሉታሜት ይሆናል፣ ግሉታሜት ሌላ ናይትሮጅን ሲጨመርለት ግሉታሚን ይሆናል፣ የቀሩት አሚኖ አሲዶችም ናይትሮጅናቸውን በአብዛኛው የሚያገኙት ከእነዚህ ከሁለቱ ነው። ናይትሮጅኑ ከቀረ ግን አልፋ-ኬቶግሉታሬት ወረፋ ላይ እንደቆመ ሰው ይከማቻል። ይሄ ክምችት ነው ኢንዛይም አንድን ቀጥታ የሚይዘው። ቅብብሉ ገና ከመነሻው ይንቀራፈፋል፣ ስኳሩም ይቀንሳል። እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ይሄ ነው፤ መሃል ላይ መልእክተኛ የለ፣ አዲስ ፕሮቲን መሥራት የለ፣ የተረፈው ዕቃ ራሱ ሄዶ በሩን ይይዛል። ናይትሮጅን ያለበትን አሞኒያ ጠብ ሲያደርጉለት ክምችቱ ወደ ግሉታሜት ይሄዳል፣ ፍሬኑም ይለቃል።

አንድ ነገር እንዳይምታታብዎ። ናይትሮጅን እያለው አንድ አሚኖ አሲድ ብቻ መሥራት ያቃተው ሙታንት (ጂኑ የተለወጠ ባክቴሪያ) ጉዳዩ ሌላ ነው። እዚያ አሚኖ አሲድ ተሸካሚው ቲአርኤንኤ ምንም ሳይጭን፣ ፕሮቲን የሚሠራው ራይቦዞም ውስጥ ይገባና ራይቦዞሙ ቆሞ ይቀራል፣ ሬልኤ የሚባለው ኢንዛይም ፒፒጂፒፒ የተባለ የማንቂያ ሞለኪውል ያመርታል፣ አዲስ ራይቦዞም መሥራትም ይገታል። ፈተና ላይ ሁለቱን የሚያደባልቅ ብዙ ነው።