አገር ወክላችሁ ለምትሄዱ ልጆች

ሰሞኑን አንዲት ወጣት ተመራማሪ «አንታርክቲካ፣ ደቡብ ዋልታ ባለው በረዷማ አህጉር ላይ፣ የራሷ የምርምር ጣቢያ የሌላት አገር ተወካይ በዋልታ ምርምር ስብሰባ ላይ ምን ይሠራል?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ የቆየ ቁስል ነካብኝ።

የአንታርክቲክ ምርምር ሳይንሳዊ ኮሚቴ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ኮሚቴው የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው፤ አህጉሩን ለሰላምና ለምርምር የሚያውለው የአንታርክቲክ ስምምነት የተፈረመው በ1959። ሳይንቲስቶቹ ዲፕሎማቶቹን ቀደሟቸው ማለት ነው። ይሄ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል። ለማንኛውም፣ በሻይ ሰዓት የአንድ አገር ተወካይ ጠጋ አለኝና «ወደ አንታርክቲካ በሚሄደው መርከባችን ላይ አንድ አልጋ አለን፤ ሰው ካላችሁ ስሙን ቶሎ ላኩ» አለኝ።

ሰውማ ነበረን! በጥንት በረዶ ውስጥ የታሰረውን አየር የምታጠና ጎበዝ ልጅ። አንታርክቲካ ውስጥ ከጥልቅ ተቆፍሮ የወጣ በረዶ የ800,000 ዓመት የአየር ታሪክ ይዟል። እሷ ግን በእጇ ነክታው አታውቅም። ደብዳቤውን ያኑ ማታ ጻፍኩ። ከዚያ ወረቀቱ ከቢሮ ቢሮ ይንከራተት ጀመር። አንዱ ማኅተም ጎደለ ይላል። ሌላው «በረዶ ለእኛ ምን ያደርግልናል?» ይላል። ፈቃዱ ሲወጣ መርከቡ ሄዷል። የደቡቡ በጋ አጭር ነው፤ ማንንም አይጠብቅም። ልጅቷ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። በኋላ ባንክ ተቀጠረች። ዛሬም ስንገናኝ ስለ በረዶ አናነሳም።

የቀረችው አንዲት አልጋ ብቻ አይደለችም። በስምምነቱ ስብሰባ የሚወስኑት 29 አገሮች ናቸው። ከመጀመሪያዎቹ 12 ፈራሚዎች ውጭ ያለ አገር እዚያ ለመግባት እዚያው አንታርክቲካ ላይ ጠንካራ ምርምር ማካሄዱን ማሳየት አለበት። ሰው ሳይልኩ ይሄ ከየት ይመጣል?

ስለዚህ ሥራው አገር ቤት ነው። ማን ምን እንደሚያጠና እወቁ። ፈቃድ ሰጪውን ከስብሰባው በፊት አግኙት፣ ለምዱት። ስብሰባው ላይ ብዙ አትናገሩ። ግን እሱም ሁልጊዜ አይሠራም፤ በስምምነቱ ስብሰባ ውሳኔው የሚያልፈው ማንም ካልተቃወመ ስለሆነ ወንበሩን ያገኘ ሰው ዝም ካለ እንደተስማማ ይቆጠራል።

የዛሬ ልጆች ከባንዲራ ጋር ፎቶ መነሳት ትወዳላችሁ፣ አልወደድኩትም። ድፍረታችሁን ግን እቀናበታለሁ። እኛ በአለቃ በኩል ካልሆነ አንጽፍም ነበር፤ እናንተ ለማታውቁት ፕሮፌሰር በቀጥታ ኢሜይል ትልካላችሁ።

አገሮች ዋልታዎቹን በጋራ የሚያጠኑበት አምስተኛው ዓለም አቀፍ የዋልታ ዓመት እ.ኤ.አ. ለ2032–33 ታቅዷል። መርከቦቹ የሚከፋፈሉት ቀደም ብሎ ነው። የሰዎቻችሁን ስም ዝርዝር ዘንድሮ ጀምሩ፤ ማኅተሙንም አብራችሁ።